ሺፋ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የለም

ሰርግ ቤት ውስጥ ስታቲስቲክስ ተምራችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል። እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙን ስትጠሩለት የሪያድ ሰው ሁሉ አቅጣጫውን በእጁ ያሳያችኋል። ችግሩ፣ የሚያሳያችሁ ወደ ሰሜን ነው። ሰሜን ያለው ዋናው ግቢ ነው፤ ራሱን የቻለ ከተማ ነው ይላሉ። እኔ የምማረው በደቡብ፣ ሺፋ ሰፈር፣ በጎሚስታና በበግ መኖ ሻጭ መሀል በተሸጎጠችው ቅርንጫፍ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወልዶ፣ ለሞግዚት ሰጥቶ፣ ከዚያ ሞግዚቷ የት እንደምትኖር የጠፋበት ይመስለኛል።

ሕንፃው ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የሰርግ አዳራሽ ነበር። ተከራዩት፣ የአዳራሹን ስም ነቅለው የዩኒቨርሲቲውን ሰሌዳ ሰቀሉበት፣ አለቀ። ሌላውን ማን ይንካው? ግድግዳው እስከ ዛሬ ወርቅማ ነው። መምህሮቻችን የሚያስተምሩን ድሮ ሙሽራዋ ትቀመጥበት በነበረው መድረክ ላይ ቆመው ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠለው የብርጭቆ መብራት ከኛ ሳሎን ይሰፋል። የመብራቱ ማብሪያና የፕሮጀክተሩ ማብሪያ በምን ምክንያት እንደሆነ እንጃ አንድ ላይ ስለተያያዙ፣ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ በወጣ ቁጥር አዳራሹ በሮዝ ብርሃን ይጥለቀለቃል። ስለ አማካይ የተማርን ቀን እልል ማለት ብቻ ነው የቀረን።

ሰርጉም ቢሆን ጨርሶ አለቀቀንም። የድሮውን አዳራሽ የሚያስታውስ ሰው እየመራቸው፣ የተኳኳሉ ሴቶች ስጦታቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላው ትምህርት መሀል ከተፍ ይላሉ። አንዲት ትልቅ ሴትዮማ ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተደላደሉና የገበያ ጥናት ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ሲወጡ "ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፣ ግን ወሬኛ ናት" አሉ። ሙሽራዋ ዶክተር ኑራ ነበሩ።

ዶክተር ኑራ የቅርንጫፋችን ኃላፊ ናቸው። መምህርም ናቸው። ማተሚያ ማሽኑ ሲያኮርፍ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። በር ላይ ደግሞ አሚ ሳሊህ አሉ፤ ሽማግሌ ጥበቃ ናቸው፣ ሁላችንም "አጎቴ" እያልን ነው የምንጠራቸው። የእያንዳንዳችንን ስም፣ የእናታችንን ሕመምና የወንድማችንን ሥራ ማግኘት አለማግኘት ያውቃሉ። በትልቁ ግቢ ተማሪ ሲቀር ጓደኛው "አለሁ" ይልለታል ይባላል። እኛ ጋ እንኳን መቅረት፣ ትናንት ስታስነጥሺ ውለሽ ዛሬ ካላስነጠስሽ "ተሻለሽ?" የሚልሽ አታጪም።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። እኔ የተወለድኩት ሀገር ቤት ቢሆንም ያደግሁት እዚሁ ሪያድ ነው። አማርኛዬን የተማርኩት ከእናቴ ቁጣና ከእናቴ ምርቃት ነው፤ ስለዚህ መሀሉን ብዙም አላውቀውም። እናቴ የወሎ ሰው ናት። እዚሁ በምንኖርበት በዑረይጃ ሰፈር አንድ ሰው ቤት ቀን ቀን ትሠራለች፤ አባቴ ዑለያ ካሉት ረጃጅም ፎቆች የአንዱ ጥበቃ ነው። አንድ ልጅ ነኝ። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" የሚባለው ስለ እናቴ ነው። ልጇ ጃሚዓ መግባቷን ያልነገረችው የለም። ጃሚዓ እኛ ዘንድ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፤ አማርኛ እያወራን እንኳ ሌላ ስም አንሰጠውም።

ከሰሙት ሁሉ በጣም የተደሰቱት ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር የእናቴ የሀገሯ ልጅ፣ የቤት ሾፌር ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተው በሪያድ መንገድ ላይ ነው። የከፊላቸውን፣ ማለትም የአሠሪያቸውን፣ ሦስት ሴት ልጆች አንዷን ከአንዷ እያስከተሉ ወደ ዋናው ግቢ አመላልሰው ሦስቱንም አስመርቀዋል። ጠዋት አድርሰው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ከሰዓት ይዘው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ በሀገራችን ሰው መካከል ስለ ጃሚዓ ክርክር ከተነሳ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ከበሩ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ያ ግን እውቀታቸውን አልቀነሰውም።

ባለፈው ዒድ እኛ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሳለ እናቴ "የሷስ ሺፋ ያለው ቅርንጫፍ ነው" ብላ ነበር። ጋሽ ይመር ሳቁ።

"ባንክ መሰለሽ እንዴ ቅርንጫፍ የሚኖረው? ጃሚዓ አንድ ነው። ሺፋ ውስጥ ጃሚዓ የለም።"

እናቴ እንግዳ ላለመሟገት ሳምቡሳ ጨመረችላቸው። ነገሩ እዚያው ላይ መታረም ነበረበት። በሳምቡሳ ታለፈ።

የስታቲስቲክስ የመጨረሻ ፈተና ቀን ማለዳ፣ እኔንና የሰፈሬን ልጆች የሚያመላልሰን ሚኒባስ ሾፌር ደወለ። መኪናዋ አልነሳ ብላዋለች። ሌሎቹ ልጆች አባትም ወንድምም መኪና አላቸው፤ የኔ አባት ፎቅ እየጠበቀ ነው፣ ፎቁ ደግሞ አይነዳም። ስልኬን አውጥቼ ታክሲ ልጠራ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"በፈተና ቀን ከማታውቂው ሰው ጋር? ጋሽ ይመር እያለ? ወላሂ አይሆንም! ደውዬለት እየመጣ ነው።"

"ሺፋ ነው ብለሽዋል?"

"ጃሚዓ አድርስልኝ አልኩት። ያውቀው የለ!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምኖረው በኢቃማ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። እንደኔ ላሉ የውጭ ሰው ልጆች ያለው የነፃ ትምህርት ቦታ ጥቂት ነው፣ የሚጠብቀውም ሰልፍ ረጅም ነው። የመጨረሻ ፈተና ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ ቦታውን ያጣል። ፈተናው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋል። ከፍለን የምንማርበት አቅም የለንም፤ ቦታው ከሄደ ትምህርቱ ሄደ ማለት ነው። ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ "መኪናው ወደ ሰሜን ሄደብኝ" በቂ ምክንያት ነው የሚል አንቀጽ አላገኘሁበትም።

ጋሽ ይመር የዒድ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። የፊቱን በር ልከፍት ስል ተቆጡ።

"ከኋላ! የጃሚዓ ተማሪ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። የከፊሌ ልጆችም ከኋላ ነበር የሚቀመጡት።"

ተቀመጥኩ። ቴምርና የታሸገ ውኃ አዘጋጅተውልኛል። እናቴ በመስኮቱ ምርቃቷን አዥጎደጎደችው፣ እኔም አሚን እያልኩ ተነሳን። ከዑረይጃ ሺፋ ቅርብ ነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ጋሽ ይመር የሰሜኑን አቅጣጫ ያዙ።

"ጋሽ ይመር፣ ይቅርታ፣ የኔ ጃሚዓ ሺፋ ነው ያለው።"

"አይ ልጄ! ሺፋ ያለው በግ ነው።"

"በግም አለ። ጃሚዓው ከበጉ ጎን ነው።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ የፈተና ድንጋጤ ነው። የከፊሌ ትልቋ ልጅም በፈተና ቀን የራሷን ስም ትረሳ ነበር። ውኃ ጠጪበት።"

ውኃ ጠጣሁ። "ለምን ጮኸሽ አላስቆምሻቸውም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እናንተን የወሎ እናት አላሳደገቻችሁም። ትልቅ ሰው አንዴ ይነገረዋል፤ ሁለቴ በጨዋ ደንብ ይነገረዋል፤ ሦስተኛውን የተናገረች ልጅ ባለጌ ናት፣ ያሳደጋትም አብሮ ይሰደባል። እኔ አንዱን ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛውን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩትና ስልኬን አወጣሁ። ካርታውን ከፈትኩ፣ የቅርንጫፉን አድራሻ ጻፍኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። የምትናገረው ሴት እንግዳ ናት፤ የኛን ይሉኝታ አታውቅም። በጥሩ ዓረብኛ "ዞረው ይመለሱ" አለች።

"ማነች ይቺ?" አሉ ጋሽ ይመር።

"ካርታው ነው።"

"መቼ ነው ሪያድ የገባችው?"

"ዞረው ይመለሱ" አለች።

"እህቴ፣ እኔ እዚህ መንገድ ላይ ነው የሸበትኩት" አሏት በዓረብኛ፣ በትሕትና። "ይሄ ሁሉ ድልድይ ሳይሠራ ነው የማውቀው።"

"ዞረው ይመለሱ።"

"ልጄ፣ ዝጊያት። ትልቅ ሰው አታከብርም።"

ዘጋኋት። ዑለያ ስንደርስ አባቴ የሚጠብቀው ፎቅ በሩቁ ታየ። ጋሽ ይመር "አባትሽ ይስማ!" ብለው ጥሩምባውን ሦስቴ አስጮኹት። አጠገባችን የነበረው መኪና ለሱ መስሎት መልሶ አስጮኸብን። እኔ በልቤ የመድረስ ዕድሌን እያሰላሁ ነበር፤ ስታቲስቲክስ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ውጤቱ ከአማካይ በታች ነበር።

ያስቀመጥኳትን ሁለተኛዋን ላወጣ አፌን ስከፍት ጋሽ ይመር ቀደሙኝ። በመስታወቱ አዩኝ፣ ድምፃቸው ተለወጠ።

"ታውቂያለሽ፣ ያቺ በር ላይ ስቆም አንድ ነገር እመኝ ነበር። ሦስቱንም አደረስኩ፣ ሦስቱንም መለስኩ፣ አላህ ይባርካቸው፣ ጥሩ ልጆች ናቸው። ግን የሰው ልጆች ናቸው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የኛን ልጅ እዚያ በር ላይ አውርጄ 'ግቢ' ልላት እመኝ ነበር። ይኸው ዛሬ አላህ አሳየኝ።"

አፌን ዘጋሁት። እናንተስ ምን ትሉ ነበር? "ጋሽ ይመር፣ የምኞትዎ በር ሌላ ነው፣ እኛ በጎሚስታው ጎን ነው የምንገባው" ትሉ ነበር? እኔ አልቻልኩም። የሆነው ይሁን፣ አውርደውኝ ሲሄዱ ታክሲ ይዤ እበራለሁ አልኩ።

ደረስን። በሩ በእውነት በር ነው። የኛ ጃሚዓ በሙሉ በዚያ በር ሥር ወደ ጎን ሳይል ያልፋል። ጋሽ ይመር ወረዱ፣ በሬን ከፈቱልኝ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። "ግቢ!" አሉኝ።

"እሺ ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ይሂዱ፣ ሥራ እንዳይቀርብዎ።"

"ምን ነካሽ? ተማሪ በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ሾፌር አለ? ከፊሌን አስፈቅጃለሁ። እስክትወጪ እዚሁ ነኝ።" መኪናቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ያን ሁሉ ዘመን እንደቆሙት።

ስለዚህ ገባሁ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? መታወቂያዬን አሳየሁ፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነንና መብራቱ አረንጓዴ በራ። በሌላ በር ሹልክ ብዬ እወጣለሁ ብዬ ያገኘሁት የግቢ አውቶብስ ላይ ወጣሁ። አውቶብሱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሕንፃ አለፈ፣ ፏፏቴ አለፈ፣ ሌላ ሕንፃ አለፈ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ትላለች እናቴ። እኔ አንድ እግሬ ሺፋ፣ አንድ እግሬ አውቶብስ ላይ ሆኜ ገባኝ።

ያን ጊዜ የእናቴ የድምፅ መልእክት መጣ። የእናቴን የድምፅ መልእክት የማያውቅ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አያውቅም። በሰላምታ ጀመረች፣ ለኔ መረቀች፣ ለመምህሮቼ መረቀች፣ ጥያቄውን ላወጣው ሰው ሳይቀር ልብ ይስጠው አለች፣ ምሳዬን የት እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ፣ ልትዘጋው ስትል፣ "ጋሽ ይመር ደውሎ ዑለያን አልፈናል አለኝ። ለመሆኑ ዑለያ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?" አለችኝ።

ከአውቶብሱ ወርጄ አንድ ቢሮ ገባሁና ለሠራተኛዋ ፈተና እንዳለብኝ፣ ከሺፋ ቅርንጫፍ እንደሆንኩ፣ በአቋራጭ የሚያወጣ በር ካለ እንድታሳየኝ ለመንኳት።

"ሺፋ ቅርንጫፍ አለን እንዴ?" አለች። እሷም! መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካካች። ፊቷ በራ። "አለሽ!" አለችኝ በደስታ። ቀጥላም "ግን እዚህ የለሽም" አለችኝ።

በዚያ ሰፊ ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል፣ የምቀመጥባት አንዲት ወንበር የለችኝም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። የሚቀርበው መውጫ የገባሁበት በር ነው ተባልኩ። ሮጥኩ።

ጋሽ ይመር ከሩቅ አዩኝ። ፊታቸው ፈካ።

"ጨረስሽ? ማሻአላህ! ማሻአላህ!" ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ የደወሉት ለእናቴ ነው። "ከሁሉ ቀድማ ወጣች! ሌላ አንድም ሰው አልወጣም! ብቻዋን!" እናቴ ከዑረይጃ እልል ስትል ስልኩ ሳይጠጋኝ ሰማኋት። በሰርግ ቤት ተምሬ፣ እልልታውን ያገኘሁት በፈተናዬ ቀብር ላይ ነው።

ስልኩን ዘግተው ደግሞ ወግ ጀመሩ። "አንቺ ገብተሽ ሳለ ምን ሆነ መሰለሽ። አንድ ሱዳናዊ ሾፌር፣ ሚስኪን፣ ካርቶን ጭኖ ከውስጥ ይወጣና 'ሺፋ ያለው የጃሚዓ ቅርንጫፍ በየት ነው?' አይለኝም? አየሽ፣ ይሄ የሺፋ ወሬ ከተማውን ሁሉ ይዞታል። ወንድሜ፣ ሺፋ ውስጥ ጃሚዓ የለም፣ ተሳስተሃል፣ ተመልሰህ በደንብ ጠይቅ ብዬ መለስኩት። እዚህ በር ስንት ዓመት ቆሜያለሁ ስለው አመነኝ።"

እኔ አልሰማኋቸውም ማለት ይቻላል። ሰዓቱን ነበር የማየው። ፈተናው የሚጀመርበት ደቂቃ እየደረሰ ነበር።

"ጋሽ ይመር" አልኩ። "አልተፈተንኩም። ትምህርት ቤቴ ይሄ አይደለም። ሺፋ ነው። ፈተናው አሁን ሊጀመር ነው፣ ካልደረስኩ ቦታዬን ይወስዱታል።"

በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና በሩን አዩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎት ነበር።"

"አዎ" አሉ ቀስ ብለው። "ነግረሽኛል። ሴትዮዋም ነግራኛለች።" ከዚያ እጃቸውን ተመለከቱት፣ ዱዓ ያደረጉበትን። "ያን ሁሉ ዱዓ በተሳሳተ በር ላይ አፈሰስኩት ማለት ነው?"

እኔ እንባዬ መጣ። ስለ ፈተናው ይሁን ስለሳቸው አላውቅም። "ዱዓ አድራሻ አይጠፋውም ጋሽ ይመር" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ከእናቴ ምርቃት ተርፎ ይሆናል።

"ግቢ!" አሉኝ። የአሁኑ "ግቢ" ከመጀመሪያው ይለያል። "ያቺንም ሴትዮ ክፈቻት!"

ጋሽ ይመር እንደዚያ ሲነዱ አይቼ አላውቅም። ካርታዋ ገና "ወደ ቀኝ" ልትል ስትጀምር እሳቸው ታጥፈዋል፤ "አውቀዋለሁ አውቀዋለሁ፣ ደቡቡን እንኳ ለኔ ተይው" ይሏታል። መንገዱ ግን ተጨናንቋል። ዑለያ ላይ ቆምን። አባቴ የሚጠብቀውን ፎቅ በድጋሚ አየሁት፣ ጥሩምባ ግን የነፋ የለም።

ስልኬ ጮኸ። አሚ ሳሊህ ናቸው።

"ልጄ የት ነሽ? ሁሉም ገብተው ያንቺ ወንበር ባዶ ሆኖ ዶክተር ኑራ 'አሟት ነው ወይ?' እያሉ ሁለቴ ወጥተው ጠየቁኝ። እናትሽ ደህና ናት?"

በለቅሶ መሀል የሆነውን ነገርኳቸው። ከጀርባቸው ጓደኞቼ "መጣች? መጣች?" ሲሉ ይሰማኛል።

"አይዞሽ፣ በቀስታ ኑ" አሉ አሚ ሳሊህ። "ፈተናው አልተጀመረም። ወረቀቱ ከዋናው ግቢ ነው የሚመጣው፣ ሾፌሩ አዲስ ሱዳናዊ ነው፣ እስካሁን አልደረሰም። ሺፋ ውስጥ ጃሚዓ የለም ብሎ የመለሰው ሰው አለ አሉ። የዘንድሮ ሰው መቼም!"

ስልኩን ቀስ ብዬ ከጆሮዬ አወረድኩ። የጋሽ ይመርን ማጅራት አየሁ።

"ጋሽ ይመር፣ ያ ሱዳናዊ የጫነው ካርቶን ምን ነበረበት?"

"ወረቀት መሰለኝ። ምነው?"

"ምንም" አልኩ። "አላህ ይስጥልኝ።"

ደረስን። አሚ ሳሊህ ከበራቸው ወጥተው አስፋልቱ ድረስ መጥተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። በጎቹ ይጮኻሉ። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ያያል፤ እሱም ነገሩን ሰምቷል ማለት ነው። ጋሽ ይመር ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አዩት። የወርቁን በር አዩ፣ ትንሿን ሰሌዳ አነበቡ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ያው ስም፣ ያው ምልክት።

እኔ ወደ ውስጥ እየሮጥኩ ዞር ስል አሚ ሳሊህ እጃቸውን ዘርግተውላቸዋል። "እንኳን ደህና መጡ። ስምዎ ማን ይባላል?"

ወንበሬ ላይ ቁጭ ስል ክፍሉ አጨበጨበ። ዶክተር ኑራ መድረኩ ላይ ሆነው "ኸላስ፣ በቃ፣ ሙሽራዋ መጥታለች፣ የቀረን ወረቀቱ ነው" አሉ። ብዙም ሳይቆይ ውጭ መኪና ቆመ። በመስኮቱ ሁላችንም አየን። ሱዳናዊው ሾፌር ካርቶኑን ታቅፎ ወረደ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። ለአሚ ሳሊህ እያማረረ ነው፣ "አንድ ሐበሻ ሽማግሌ፣ የተከበረ መልክ ያለው፣ ነጭ የለበሰ…" እያለ ድንገት ዞር ሲል ጋሽ ይመርን አያቸው። ጋሽ ይመር በሚያስገርም ፍጥነት ፊታቸውን ወደ በጎቹ አዙረው በግ የሚገዙ መሰሉ። ግን የት ያመልጣሉ? ሁለቱ ሲተያዩ አሚ ሳሊህ መሀላቸው ገብተው ለሁለቱም ሻይ ቀዱ።

የፈተናው አንደኛ ጥያቄ ስለ ዕድል ስሌት ነበር። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ዶክተር ኑራ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ራሱ ይጽፍ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ ተፈትኜ አላውቅም። አለፍኩ። ቦታዬም አለ፣ አልሐምዱሊላህ።

ስወጣ ሱዳናዊው ሄዷል፣ ከመሄዱ በፊት ግን ስልክ ተለዋውጠዋል አሉ። ጋሽ ይመር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የተቀመጡበት ወንበር ከዕቃ ክፍል የወጣ፣ ባለ ወርቅ ክንድ፣ የድሮ የሙሽራ ወንበር ነው። አሚ ሳሊህ ሌላ የሚመች ወንበር ስላጡ ነው ያወጡላቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሻይ ይዘው፣ ጎሚስታውንና በጎቹን ፊት ለፊታቸው አድርገው ተደላድለዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ይመር መንገድ መንገዱን ብቻ እያዩ ነዱ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

"ስሜን ጠየቀኝ" አሉ በመጨረሻ። "ገና ከመውረዴ። እዚያ በር ያን ሁሉ ዘመን ስቆም ስሜን የጠየቀ ሰው አልነበረም። 'ሾፌር፣ ወደ ፊት ግፋ' ነበር የሚሉኝ። ይሄ ሰው ስሜን ጠየቀኝ፣ ልጆቼን ጠየቀኝ፣ ጉልበቴን አየና ወንበር አመጣ። የአንቺንም ነገር ሲያወራልኝ ዋለ፤ ዶክተሯ 'አሟት ነው ወይ?' እያለች ሁለቴ ወጥታ መጠየቋን ሳይቀር ነግሮኛል። አንቺ ስትቀሪ ያ ሁሉ ሰው ይጨነቃል?"

"ትንሽ ስለሆንን ነው" አልኳቸው።

"እህ" አሉ። እኔ ግን በዚያ ቀን ያቺን ወርቅማ ሰርግ ቤት ምን ያህል እንደምወዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ነገርኩት።

ከሳምንታት በኋላ እኛ ቤት እንግዳ መጣች፤ ከሀገር ቤት በቅርቡ የገባች፣ ሪያድን ገና ያልለመደች የእናቴ ዘመድ ናት። እናቴ እንደ ልማዷ የጃሚዓዬን ነገር አነሳች።

"የት ነው የሚገኘው?" አለች ዘመዳችን።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ይመር ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ።

"ሺፋ ነው" አሉ። "ሌላ ቦታ የሚያሳይሽ ሰው ቢኖር እንዳትሰሚው።"

"እኔ ግን ስመጣ በሰሜን በኩል አንድ በጣም ትልቅ፣ በሩ ራሱ ፎቅ የሚያህል ጃሚዓ አሳይተውኝ ነበር…"

ጋሽ ይመር እጃቸውን አወዛወዙ፣ የሚያውቅ ሰው እንደሚያወዛውዘው።

"እሱማ ቅርንጫፉ ነው።"